ለግብር ጠፍ፣ ለሽያጭ ለም

የአክስቴ ልጅ ከሠላሳ ዓመት በላይ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ኖሮ ባለፈው ጥር ለጥምቀት መጣ። እዚያ የሚተዳደረው ቤትና ቦታ በማሻሻጥ ነው፤ በእኛ አነጋገር ደላላ፣ በእነሱ ደግሞ ፈቃድ ያለው ባለሙያ። በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ «ከከተማ ወጣ ብዬ አንዲት ቁራሽ መሬት ብይዝ ምን ይመስልሃል?» አለኝ። ምን እንደሚመስለኝ ልነግረው አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ደላላው ነበር። ለካስ ምክሩ ከእኔ በፊት አልቋል።

በማግሥቱ በደብረ ብርሃን መንገድ ወጣን። ደላላው ሁለት ስልክ የያዘ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ዕድሜው ከሠላሳ የማይዘል ልጅ ነው። መንገዱን ሙሉ አወራን፤ ማለቴ እሱ አወራ። የሚያወራው ግን ስለ መሬቱ አልነበረም። እዚህ ጋ ፋብሪካ ሊተከል ነው፣ ማዶ የባለሀብቶች መንደር ታስቧል፣ ይቺ ኮረኮንች ደግሞ በቅርቡ አስፋልት ትሆናለች እያለ ስለ መሬቱ የወደፊት ጎረቤቶች ነበር የሚተርክልን። ሸኖ አካባቢ ከዋናው መንገድ ታጥፈን ጥቂት እንደ ተጓዝን መኪናውን አስቆመ። ስንዴው ታጭዶ ያለቀበት ጥቁር ሜዳ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ወርቅ ነው!» አለ።

የአክስቴ ልጅ ሥራው ነውና መጠየቅ ጀመረ። የጉድጓድ ውኃ በስንት ሜትር ይገኛል? ክረምት መኪና ይገባል? አፈሩ ምን ዓይነት ነው? በመሬቱ መካከል የሚያልፍ የሰው ወይም የከብት መንገድ አለ? ደላላው ለአራቱም ጥያቄ አንድ መልስ ነበረው። «ጋሼ ይመኑኝ፣ ካርታ ይወጣለታል!»

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። «ለመሆኑ የገጠር መሬት አይሸጥም አይደል እንዴ?»

«ሽያጭ ማን አለ? ስጦታ ነው የሚባለው። እሱ ካልሆነ የብድር ውል እንጽፋለን። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ይኼን ጊዜ ከክምሩ ጥግ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አዛውንት «ወዲህ ኑ እስቲ ልጆቼ» ብለው ጠሩን። የባለመሬቱ አዋሳኝ ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ከየት እንደ መጣን፣ የማን ልጆች እንደ ሆንን ጠየቁን። ከዚያ ተነሥተው በትራቸውን በመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ ሰደዱት። በትሩ እስከ ግማሹ ገባ።

«ይኼ ዋልካ ነው» አሉ። «ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደግሞ እንዲህ አፉን ይከፍታል። በወጉ ለያዘው እህል ይሰጣል። ግንብ ግን አይችልም፤ መሠረቱን በደንብ ካላወረዱለት ግድግዳውን እንደ እንጀራ ነው የሚቆርሰው። ያ ዝቅ ያለው ጋ ውርጭ ይተኛል፤ ባቄላ ዘርቼበት ስንቴ በጥቅምት አቃጥሎብኛል። ያ ዳገቱ ላይ ያለው ቦረቦር ነው፤ ቤት ለመሥራት እሱ ይሻላል። አዝመራ ሲነሣ ደግሞ የመንደሩ ከብት በሙሉ እዚህ ነው የሚውለው። አጥር ካጠርክ ከሰው ትጣላለህ።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ልጁ ይኼን ሁሉ ነግሯችኋል?» አሉ።

ልጁ ስልኩን እያየ ነበር።

ስንመለስ መኪና ውስጥ የአክስቴ ልጅ አንድ የቆየ ታሪክ አጫወተኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለዓመታት የከተማ ቤት ሲሸጥ ኖሮ አንድ ቀን የእርሻ መሬት አሽጥልኝ ተባለ። ገዢው ገበሬ ነበር። የጠየቀው ስለ መኝታ ክፍል ብዛት አልነበረም። «መሬቱ ውኃ ይጠጣል ወይ?» አለው። እዚያ የከተማ ፍሳሽ መስመር በማይደርስበት ገጠር ቤት ለመሥራት አፈሩ ፍሳሽ የሚያሰርግ መሆኑ ተመርምሮ መረጋገጥ አለበት። አሜሪካኖች የአገራቸውን አፈር ከ1899 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመንግሥት ደረጃ እያጠኑ በካርታ አስፍረውታል፤ ማንም ሰው ማየት ይችላል። የአክስቴ ልጅ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ካርታውን ገልጦ አያውቅም ነበር። «ሽያጩ ሊያመልጠኝ ሲል ነው አፈር ማንበብ የጀመርኩት» አለኝ። «እኚህ አባት ግን ካርታውን በጭንቅላታቸው ይዘውታል።»

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ማሳ ላይ አራት ሰው ቆመን ነበር። መሬቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ በዋጋው የጠየቀው የለም። ይኼ ነገር የዛሬ ደላላ ያመጣው ብቻ አይደለም። የአገራችንን የመሬት ታሪክ ገለጥ ገለጥ ስናደርግ ደጋግመን የምናገኘው ነው።

ከጎንደር እንጀምር። በጎንደር ዘመን፣ በተለይ ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ፣ መሬት ይሸጥና ይገዛ ነበር። ውሉ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ መዛግብት ጋር ስሟ ይነሣል። እነዚህን ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት ያጠኑት የታሪክ ሊቅ ዶናልድ ክረሚ እንዳሳዩን ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ዋሱና እማኞቹ በየስማቸው ተመዝግበዋል። ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ሲሸጡና ሲገዙ ይታያሉ።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው የእማኞቹን ነገር ነው። እማኝ የሚሆነው የአገሩ ሰው ነው። የአገሩ ሰው ደግሞ ማሳውን ከነጠባዩ ያውቀዋል፤ የቱ ጋ ውኃ እንደሚቋጥር፣ የቱ ጋ ድንጋይ እንደሚበዛ፣ ድንበሩ ከየትኛው ዛፍ እስከ የትኛው ጅረት እንደ ሆነ ይናገራል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው እኮ ለዚህ ነው። በዚያ ዘመን ሁሉ ነገር ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከመኳንንት ጋር ተሟግቶ የሚረታ ገበሬ ጥቂት ነው። ግን መሬት ከሚያውቁት ሰዎች ፊት ሸሽቶ አይሸጥም ነበር።

ከዚያ ገመዱ መጣ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በሸዋና ኋላም በደቡብ፣ መሬት በቀላድ ይለካ ጀመር። ቀላድ የመለኪያው ገመድ ነው፤ የተለካው መሬት ስፍሩ ጋሻ ተባለ። ጋሻ በኋላ እንደ ተለመደው ስሌት ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል፤ ጥንት ግን ስፋቱ እንደ አካባቢውና እንደ አፈሩ ይለያይ ነበር። ገበሬው በበኩሉ ሌላ መለኪያ ነበረው። ጥማድ ይለዋል፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው ማለት ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ዋልካ ላይ የዋለ በሬና ቦረቦር ላይ የዋለ በሬ በቀን እኩል እንደማያርሱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥማድ ስፋቱን ብቻ አይነግርህም፤ የአፈሩን ክብደትና የበሬውን ድካም ጨምሮ ነው። ገመዱ ይኼን አያውቅም።

መንግሥትም ገመዱ ብቻውን እንደማይበቃ ሳይገባው አልቀረም። ስለዚህ የተለካው መሬት በሦስት ተከፈለ፤ ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በዚህ አከፋፈል መሠረት ለአንድ ጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር የመሬት ግብር፣ በአሥራት ፈንታ ደግሞ 35፣ 30 እና 10 ብር ወሰነ። ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የየክፍለ አገሩን የመሬት ሥሪትና ግብር ለሚፈልግ ብዙ ነገር ሰብስበው አስቀምጠውልናል።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ለም የተባለ ጋሻ በጠቅላላው 50 ብር፣ ጠፍ የተባለው 15 ብር ይከፍላል። ታዲያ መሬቱ ለም ነው ወይስ ጠፍ የሚለውን የሚወስነው ማነው? መዳቢው ነው። መዳቢው ደግሞ ከባላባቱ ቤት ነው የሚያርፈው፤ በጉም የሚታረደው እዚያ ነው። እንዲህ እየሆነ ብዙ የትላልቅ ሰዎች መሬት በመዝገብ ጠፍ ሆኖ ቀረ። ያው መሬት ለሽያጭ ሲቀርብ ወይም ለጭሰኛ ሲሰጥ ግን በአንድ ሌሊት ለም ይሆናል! ለግብር ጠፍ፣ ለሽያጭ ለም። እርሻው የሚሰጠውን እህል እየሰፈረ የሚያውቀው ጭሰኛ በሁለቱም ጊዜ አልተጠየቀም። ባለመሬቱ ግን ምርቱን ሲካፈለው መሬቱ ለም መሆኑን አልዘነጋም።

በሰሜን ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ጎጃም ርስት የዘር ነው፤ «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚባልበት አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ አሥራቱ ቀርቶ ገበሬው ከማሳው በሚያገኘው ገቢ ልክ እንዲከፍል ተባለ። በወረቀት ሲታይ ከቀድሞው የሚሻል ሐሳብ ነበር። ገበሬው ግን የገማቾቹን መምጣት ሲሰማ «ገመዱ መጣብን» አለ። ዛሬ ግምት፣ ነገ ልኬት፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሽያጭ ይመጣል ብሎ ሠጋ፤ ጠመንጃውን ይዞም ተነሣ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን ውዝፉን ምሮ ነገሩን አበረደ። ብዙ ሰው ያን አመጽ ግብር ያለመክፈል ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። እኔ ሳየው ከሥሩ ያለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማሳዬን ማነው የሚያውቅልኝ? ባዕድ ሰው መጥቶ ስለ መሬቴ ወረቀት ከጻፈ ነገ ወረቀቱ ነው ባለ መሬት የሚሆነው የሚል ሥጋት ነው።

በዚያው በ1960 ዓ.ም. በአርሲ፣ ጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራ ጀመረ፤ ካዱ እየተባለ የሚጠራው ነው። የተመረጠ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ይዞ ነበር የመጣው፤ ዓላማውም አነስተኛ ገበሬና ጭሰኛ እንዲጠቀሙ ነው። ስንዴው በእርግጥ ጨመረ። ምን ሆነ መሰላችሁ? መሬቱ ምን ያህል ሊሰጥ እንደሚችል ሲታወቅ ባለመሬቱ ዓይኑን ገለጠ። የመሬት ዋጋና ኪራይ ወደ ላይ ወጣ፤ ትራክተር ገባ፤ ጭሰኛው ጓዙን ጠቅልሎ እንዲወጣ ተደረገ። የእርሻ ዕውቀት ቀድሞ የመሬቱን ዋጋ ከፍ አደረገ፤ ዋጋው ደግሞ ያረሰውን ሰው አስወጣው። ስለዚህ ዕውቀት ብቻውን ይበቃል የሚል ካለ የጭላሎን ጭሰኛ ያስታውስ። ዕውቀቱ በማን እጅ ሆኖ፣ ለማን እንደሚሠራ ካልተጠየቀ ዕውቀትም በደላላ ኪስ ይገባል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ይኼ ሁሉ በአንድ አዋጅ ተቆረጠ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ በወለድ አግድ መያዝና ማከራየት ተከለከለ፤ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት አበቃ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተባለ። ድልድሉን የፈጸሙት የገበሬ ማኅበራት ናቸው። ዛሬ ባለሙያዎች የገበሬው መሬት ለምን በየቦታው ተቆራረጠ እያሉ ይወቅሳሉ። አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፤ በብዙ ቦታ ደልዳዮቹ ለአንዱ ሰው ለሙን፣ ለሌላው ጭንጫውን መስጠት ግፍ ስለሆነባቸው ለእያንዳንዱ ከለሙም ከመካከለኛውም ከጠፉም ቆንጠር ቆንጠር እያደረጉ ሰጡት። ለትራክተር አይመችም፤ እውነት ነው። ግን የአፈሩን ልዩነት የሚያውቁ ሰዎች ያደረጉት ድልድል መሆኑ አይካድም።

ከደርግ በኋላም ሽያጩ አልተፈቀደም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 40፣ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው ይላል። ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፤ እንደ ክልሉ ሕግ ማከራየትና ማውረስ ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም መጣ፤ የባልና የሚስት ስም አብሮ የተጻፈበት፣ የአዋሳኞች ስም የሰፈረበት። ያን ደብተር ባየሁ ቁጥር የጎንደሮቹ እማኞች ትዝ ይሉኛል። አዋሳኝ ሳይጠራ መሬት አይታወቅም።

ግን ደግሞ ጋምቤላን ተመልከቱ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መንግሥት ሰፋፊ መሬት ለባለሀብት ማከራየት ሲጀምር ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ በባሮ ወንዝ አካባቢ 100 ሺህ ሄክታር ያዘ። ለአንድ ሄክታር በዓመት የሚከፈለው 20 ብር ነበር። ከሩቅ ለሚያየው ሰው መሬቱ ሜዳ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ውኃ በአጠገቡ ነው፤ ወርቅ ነው! በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ባሮ ሞልቶ የበቆሎውን ማሳ ዋጠው። ከኩባንያው በፊት በዚያ ወንዝ ዳር የኖሩት አኙዋኮች የወንዙን መሙላትና መጉደል እየጠበቁ፣ ውኃው በሸሸበት እርጥብ አፈር ላይ የሚዘሩ ሰዎች ናቸው። የእርሻ ቀን መቁጠሪያቸው ወንዙ ነው። ኩባንያው ሌላም ብዙ ችግር ገጥሞት በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን አቋረጠው። ያ ሁሉ ሄክታር በወረቀት ላይ ሲለካ የወንዙን ጠባይ የሚያውቁት ሰዎች ቃል ምን ያህል ሚዛን ነበረው?

«እኔ መሬት ገዢም ሻጭም አይደለሁም፤ ይኼ ምን አገባኝ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ያገባዋል። ከተሞቻችን ወደ ገጠሩ እየሰፉ ነው፤ መንገድና ፋብሪካም መሬት ይፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ከይዞታው ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ ከመነሣቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ይደነግግ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ደግሞ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ላልተሰጠው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በአሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ማባዛቱ ቀላል ነው፤ አሥራ አምስት ጊዜ ማባዛት ልጆቻችንም ይችላሉ። ከባዱ የሚባዛው ቁጥር ነው። ይኼ ማሳ በዓመት ስንት ኩንታል ይሰጣል? ገለባውስ ተቆጥሯል? አዝመራ ከተነሣ በኋላ የሚዘራው ሽምብራ ወይም ጓያ ታስቧል? ገማቹ ዋልካን ከቦረቦር የማይለይ ከሆነ ስሕተቱም አብሮ በአሥራ አምስት ይባዛል። እዚያ ላይ ደግሞ ያቺ የጥንቷ ነገር ትመጣለች፤ ለካሣ ሲገመት ጠፍ፣ በማግሥቱ ለአልሚ ሲተላለፍ ለም።

አሁን ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅድለታል። ለገበሬው ትልቅ በር ነው። ነገር ግን ባንኩም መገመት ሊኖርበት ነው። ከከተማ የሚላከው ወጣት ባለሙያ የመሬቱን ዋጋ ከአስፋልቱ ባለው ርቀት ይለካዋል ወይስ ወርዶ አፈሩን በእጁ ያሸዋል?

ገበሬዎቻችን የሚያውቁት ነገር ጥቂት እንዳይመስለን። በእነዚሁ የሰሜን ሸዋ ደጋዎች ገበሬው ዋልካውን ጓይ እያነደደ፣ ማለትም አፈሩን ከምሮ እያቃጠለ፣ ገብስ ሲያበቅልበት ኖሯል፤ አንድ ሁለት አዝመራ ከወሰደ በኋላ መሬቱን ለብዙ ዓመት ያሳርፈዋል። ጓይ በነደደበት ማሳ ላይ አሁን ያለውን ገብስ ብቻ አይቶ «ለም ነው» ብሎ የሚገዛ ሰው የሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። እነዋሪ ላይ ደግሞ ገበሬዎች በእጃቸው ሰፋፊ መደብ እየሠሩ ከዋልካው ላይ ውኃ ያጠነፍፋሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አያይዘው በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ሲሠሩ ሊፈቱት የሞከሩት ያንኑ ገበሬው የሚያውቀውን ችግር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ዕውቀት በካርታ ላይ አይወጣም። ከባለቤቱ ጋር ከማሳው ከተነሣ በኋላ ደግሞ መልሶ የሚያገኘው የለም፤ ገበሬው ከተማ ዳር ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ስለ ውርጭና ስለ ጓይ የሚጠይቀው ማን አለ?

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ልንሰናበታቸው ስንል የአክስቴን ልጅ እጅ ይዘው «ገዛኸው እንበል፤ ምን ትዘራበታለህ?» አሉት።

«አልዘራበትም አባባ። ቤት ልሠራበት ነበር ያሰብኩት።»

«ቤቱስ ጥሩ። ሻጩ የወንድሜ ልጅ ነው። ገንዘቡን ሲጨርስ የት ይቀመጣል?»

የአክስቴ ልጅ መልስ አልነበረውም። እኔም አልነበረኝም። ደላላው ብቻ «አባባ፣ እሱ እኮ ከተማ ሊገባ ነው» አለ። አዛውንቱ ቀና ብለው አይተውት ዝም አሉ። የወንድማቸው ልጅ ዕዳ ይኑርበት፣ ልጅ ይመርበት፣ ወይስ ሌላው ሲሸጥ አይቶ ይሁን አልጠየቅንም። ያ ሰው ገና ፊቱን ሳናይ መሬቱን ተደራድረንበት ነበር።

መሬቱን አልያዘውም። ቤት ሲገባ ለእናቱ ያላት፣ «ሕጉ አይፈቅድም» ብሎ ነው፤ እውነት ነው፣ አይፈቅድም። እኔ ግን የበትሩ እስከ ግማሽ መግባትና ያ የመጨረሻው ጥያቄ ከሕጉ በላይ እንደ ከበዱበት አውቃለሁ።

ከሳምንት በኋላ ደላላው መልሶ ደወለ። ስልኩን ጮክ አድርጎ አሰማኝ።

«ጋሼ፣ ሌላ አግኝቼልዎታለሁ። ይኼኛው ዋልካ አይደለም!»

ሳቅን። ልጁ ቃሏን ተምሯታል። «ምንድነው ታዲያ?» አለው የአክስቴ ልጅ።

ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝምታ ሆነ። «እሱን... ልጠይቅና ልደውል።»

እስካሁን አልደወለም። ምናልባት እየጠየቀ ይሆናል። ከጠየቀ ደግሞ ለአዋሳኙ ይንገረው፤ ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ነገር ይኖረው አይኖረው እንደሆነ ራሱ ይወስን።